ሹካውና ጣሳው

ቀይ ቀለም የመምህር መሣሪያ ነው። ስሕተትን ያርማል፤ የላላውን ያጠብቃል፤ የታታሪ ተማሪን ድካም በአንድ ቃል ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ቀይ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ያቆስላል። እኔ በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ብልቃጥ ቀይ ቀለም ጨርሻለሁ። በተማሪዎቼ ደብተር ላይ ከጻፍኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ግን ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ አንዱ ብቻ ነው። በዚህ የድርሰት መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚያ አስተያየትና ስለ አንድ የሃንጋሪ ተወላጅ ፎቶግራፍ አንሺ ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ። የአስተያየቴን ስሕተትነት ያሳየኝ በአካል አይቼው የማላውቀው ይኸው ሰው ስለሆነ፣ የአንዱን ታሪክ ከሌላው ነጥዬ መናገር አልችልም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ ተመርቄ በወጣሁበት ዓመት በአንዲት የደጋ ከተማ ወደሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። ወጣት ነበርሁ፤ የተማርሁትን ሁሉ በአንድ መንፈቅ ለማስተማር የቸኮልሁ ነበርሁ። አንድ ቀን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «በሕይወቴ ያየሁት ታላቅ ነገር» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ እኔ እንደጠበቅሁት ጻፉ። ከፊሎቹ የአዲስ አበባን ሕንጻዎች፣ ከፊሎቹ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የወጣ አውሮፕላን ገለጹ። አንዳንዱ በዓይኑ ያላየውን ከሌላ ሰው በሰማው እያዳበረ እንደጻፈ ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ቋንቋቸው የተስተካከለ ነበርና ሰባትና ስምንት ሰጠኋቸው።

ከመካከላቸው አንድ ልጅ ነበር። የመጣው የሁለት ቀን የእግር መንገድ ከሚያስኬድ ገጠር ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ ቤት ስንቅ እየመጣለት ይማር ነበር። በክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም፤ ሲጠሩት ብቻ ይናገራል። ይህ ልጅ የጻፈው ስለ አንድ ጣሳ ነበር።

ጣሳዋ ያሳደጉት አያቱ ውኃ ይጠጡባት የነበረች ናት። አያቱ ካረፉ በኋላ ልጁ ወደ ከተማ ሲመጣ ይዟት መጣ። በተከራዩአት ክፍል ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀላት። ማታ ኩራዝ ሲበራ የጣሳዋ ጥላ በግድግዳው ላይ ይወድቃል። ነፋስ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ነበልባሉን ሲያወዛውዘው ጥላዋ ይረዝማል፤ መልሶም ያጥራል። ልጁ ይህን ሁሉ ከገለጸ በኋላ ኩራዙ ሲጠፋ ጣሳዋም አያቱም አብረው እንደሚጠፉ ጽፎ ድርሰቱን በዚያው ጨረሰው። ምክር አልጨመረበትም፤ «ስለዚህ» የሚል መደምደሚያም አላበጀለትም።

እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ «ከርእስ ወጥተሃል። ጣሳ ታላቅ ነገር አይደለም።» ብዬ ጻፍሁ። ከዐሥር አራት ሰጠሁት።

ልጁ ደብተሩን ተቀብሎ አየው። አልተከራከረም። ቀስ አድርጎ አጠፈውና ወደ ቦታው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌሎቹን ዓይነት ድርሰት ይጽፍ ጀመር፤ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ዕድገት ጻፈ። እኔም ሰባትና ስምንት እሰጠው ጀመር። ጥሩ አድርጌ ያረምሁት መሰለኝ። በልቤም ደስ አለኝ።

ብዙ ዓመታት አለፉ። ከማስተማር ወደ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ሥራ ተዛወርሁ። አንድ ቀን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሌላ ጉዳይ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ትልቅ የፎቶግራፍ ጥራዝ እጄ ገባ። ገጹን ስገልጠው አንድ ሹካ አየሁ። ሹካው ጥርሶቹን በጎድጓዳ ሳሕን ጠርዝ ላይ አሳርፎ ተጋድሟል። ምግብ የለም፤ የሚበላ ሰውም የለም። ከአንድ ወገን የሚመጣው ብርሃን የሹካውንና የሳሕኑን ጥላ በጠረጴዛው ላይ አጋድሞታል፤ የሹካው ጥርሶች ጥላም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ከሥሩ የተጻፈው ስም አንድሬ ኬርቴስ ይላል፤ ዘመኑ 1928 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገጹን ማለፍ አቃተኝ። የሹካውን ጥላ እያየሁ በአንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ጣሳ ታየችኝ። ይህን ሹካ የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች አክብረው ያስቀመጡት ከሆነ፣ እኔ ለዚያች ጣሳ አራት የሰጠሁት በምን ሚዛን መዝኜ ነው? ይህ ጥያቄ ስላላስቀመጠኝ የፎቶግራፍ አንሺውን ታሪክ መከታተል ጀመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ አቀርብላችኋለሁ።

አንድሬ ኬርቴስ በ1894 ዓ.ም. በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። የልጅነት ስሙ አንዶር ነበር። ቡዳፔስት በዚያን ጊዜ ኦስትሪያና ሃንጋሪ አንድ ላይ ሆነው ያቆሙት የትልቅ መንግሥት ከተማ ነበረች። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ሲሆን፣ በ1908 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ አንዶር ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሦስት ወንድማማቾችን የያዘችውን ባልቴት እናት የረዳው አጎታቸው ነው። ልጁ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ ወደምትገኘው ሲጌትቤቼ ወደምትባል መንደር እየሄደ ይከርም ነበር። በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተከማችተው የቆዩ ሥዕል ያለባቸው አሮጌ መጽሔቶች አግኝቶ ያገላብጥ እንደነበርም ይነገራል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ያነሣሣው በእነዚያ ሥዕሎች የተጫረ ፍላጎት ነው። ካሜራ ሳይኖረው አስቀድሞ በዓይኑ ያነሣ ነበር ማለት ይቻላል።

ቤተ ዘመዶቹ ነጋዴ እንዲሆን ፈለጉ። በ1912 ከንግድ ትምህርት ቤት ሲወጣ በቡዳፔስት የአክሲዮን ገበያ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ካሜራውን ገዛ። ቀደም ካሉት ሥራዎቹ አንዱ በዚያ ዓመት ያነሣው በተቀመጠበት እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ነው። ልብ በሉ፤ በከተማዋ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ታላላቅ ድልድዮች ነበሩ። እሱ ግን የመረጠው የሚያንቀላፋ ልጅ ነው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ኬርቴስም ለውትድርና ተጠራ። ካሜራውንና የመስተዋት ኔጋቲቮቹን ይዞ ወደ ጦር ግንባር ሄደ። የዛሬ ልጆች በኪሳችሁ የምትይዙት ስልክ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ፣ የዚያን ዘመን ድካም መገመት ያስቸግራችሁ ይሆናል። ያኔ እያንዳንዱ ምስል የሚቀረጸው በአንድ መስተዋት ላይ ነው፤ መስተዋቱ ይከብዳል፤ ከወደቀም ይሰበራል። ወታደሩ ኬርቴስ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲዘምት ያነሣው የተኩስ እሩምታ አልነበረም። ረጅም ጉዞ የሚጓዙ ወታደሮችን፣ ለቤተሰቡ ደብዳቤ የሚጽፍ ወጣትን፣ ከጦርነቱ መካከል የተገኘችውን የዕረፍት ሰዓት ነበር ያነሣው። በ1915 በጥይት ቆሰለ። ከጦርነቱ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ በተነሣው የአብዮት ሁከት ጠፉ።

ቁስሉን ሲያስታምም ኤስተርጎም በምትባል ከተማ ቆየ። በ1917 በዚያ በዋና ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ሰው አነሣ። ውኃው የዋናተኛውን ሰውነት አሳስቦና አጣሞ ያሳያል፤ የብርሃኑ ነጸብራቅም በላዩ ይጫወታል። ይህን ትዕይንት በየገንዳው ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ነገር ግን አይቶ ያልፈዋል። ኬርቴስ ግን አላለፈውም። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1933 በጠማማ መስተዋት ውስጥ የተንጸባረቁ የሰው አካላትን በተከታታይ ሲያነሣ፣ የሐሳቡ ዘር ከዚያች ገንዳ የተወሰደ ነበር።

በ1921 ደግሞ አቦኝ በምትባል የሃንጋሪ መንደር አንድ ዓይነ ስውር ቫዮሊን ተጫዋች አነሣ። ሰውየው ቫዮሊኑን እየመታ ጥርጊያ ያልሆነ የአፈር መንገድ ያቋርጣል። በመንገዱ ላይ የጋሪ ጎማ ያወጣው ዱካ ይታያል። ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ከጎኑ ሆኖ ይመራዋል። እኔ ይህን ፎቶግራፍ ሳይ የሃንጋሪ ሰው መሆኑ ተረሳኝ። በልጅነቴ በገበያ ቀን በልጅ እየተመራ የሚመጣ ዓይነ ስውር አውቅ ነበር፤ ልጁ የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ይቀድማል፤ ሰውየው ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ይከተላል። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው ያላየ የለም ብዬ እገምታለሁ። ኬርቴስ ስለ አገራችን ያነሣው ነገር የለም። ይሁን እንጂ የራሱን መንደር አጥርቶ ስላየ የእኛንም መንደር አሳየን። አንድን ትንሽ ነገር በእውነት የገለጸ ሰው የሚናገረው ለሠፈሩ ብቻ አይደለም።

በ1925 ኬርቴስ አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። ስሙን ፈረንሳዮች በሚጠሩት መንገድ ለውጦ አንድሬ ተባለ። የፈረንሳይኛ ችሎታው ደካማ ነበር፤ ስለዚህም አፉ ያልቻለውን ካሜራው ይናገርለት ጀመር። ስደተኛ ከአገሬው የተለየ አንድ ዕድል አለው። አገሬው በልማድ ብዛት የማያየውን እሱ እንደ አዲስ ነገር ያያል። የካፌ ወንበር፣ የደረጃ ጥላ፣ የጢስ መውጫ፣ በዝናብ የራሰ ንጣፍ ድንጋይ ለፓሪስ ሰው ምኑም አይደለም፤ ለመጤው ግን እያንዳንዱ የሚነበብ ፊደል ነው። ስደተኝነት ብቻውን ግን ዓይን አይሰጥም፤ ብዙ ሰው በእንግዳ አገር ሲኖር የሚያየው የራሱን ብሶት ብቻ ነው። ኬርቴስ ብሶቱን ይዞ ቀና ብሎ ማየትን መረጠ።

በ1926 እንደሱ መጤ ወደሆነው የሆላንድ ሠዓሊ ወደ ሞንድሪያን ቤት ሄደ። በዚያ ካነሣቸው ፎቶግራፎች ሁለቱን ልንገራችሁ። በአንደኛው በጠረጴዛ ላይ በብልቃጥ የቆመ ሰው ሠራሽ አበባ አለ፤ በተከፈተው በር ደግሞ የደረጃው ጥምዝ ይታያል። ሰው የለበትም። በሁለተኛው መነጽርና ፒፓ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። አሁንም ሰው የለበትም። ሆኖም ተመልካቹ የሠዓሊውን ጠባይ ከእነዚህ ዕቃዎች ያነብባል፤ ሥርዓት ወዳድነቱን፣ ቁጥብነቱን፣ ብቸኝነቱን ጭምር። እንግዲህ ሰውን ለመግለጽ ሁልጊዜ ፊቱን መግለጽ ግዴታ አይደለም። የነካውና የተወው ዕቃ ስለሱ ይመሰክራል። አያቱን ሳይስል ጣሳቸውን የገለጸው ተማሪዬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር።

በ1927 ኬርቴስ በፓሪስ ሠላሳ ፎቶግራፎቹን ለሕዝብ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በእጅ ለመያዝ የምትመች ላይካ የምትባል ትንሽ ካሜራ ገዛ፤ በዚያው ዓመት ለተቋቋመው «ቩ» ለተባለው ሥዕላዊ መጽሔትም ይሠራ ጀመር። ሹካውን ያነሣውም በዚሁ ዓመት ነው። በ1933 ከቡዳፔስት ጀምሮ የሚያፈቅራትን ኤልሳቤትን አገባ። እነዚህ ዓመታት የሕይወቱ ምርጥ ዘመን ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ስነግራችሁ ቀዩን ቀለሜን አስታውሱ።

በ1936 አንድ የፎቶግራፍ ድርጅት በውል ጠርቶት ከባለቤቱ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። ዐሳቡ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ፓሪስ ለመመለስ ነበር። ውሉ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛውም የባሰ ነበር። ሥራውን ይዞ ወደ አንድ ታዋቂ መጽሔት በሄደ ጊዜ አዘጋጆቹ ፎቶግራፎቹ ከመጠን በላይ ይናገራሉ ብለው እንደመለሱት እሱ ራሱ በኋላ ያስታውስ ነበር። እነሱ የፈለጉት ጽሑፉን የሚያጅብ ምስል ነው፤ የሱ ምስል ግን ራሱን ችሎ ይናገር ነበር። በ1937 አንድ ረጅም ሕንጻ ካጠገቡ ካለች አንዲት ትንሽ ደመና ጋር አነሣ፤ የጠፋች ደመና ብሎም ሰየማት። ማንን እንደምትመስል መናገር አያሻም።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሃንጋሪ በጠላት ወገን ነበረች። ስለዚህ ኬርቴስ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጠረ፤ ከቤት ውጪ ፎቶግራፍ እንዳያነሣም ተከለከለ። ለሱ ይህ ዓይንን እንደ መታሰር ነበር። በ1944 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ከዚያም እስከ 1962 ገደማ ድረስ ለአንድ የቤትና የአትክልት መጽሔት የባለጸጎችን ሳሎንና የአበባ ቦታ እያነሣ ኖረ። ደመወዙ መልካም ነበር፤ ምስሎቹም የተዋቡ ነበሩ። እሱ ግን እንደ ባከነ ዘመን ይቆጥረው ነበር። ፓሪስ ያደነቀችው ሰው በኒው ዮርክ ስሙን የሚያነሣው አጣ።

እናንተ ተማሪዎች እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሰው ለሚወደው ነገር አራት ተሰጥቶት፣ ለማይወደው ነገር ስምንት እየተሰጠው ሃያ ዓመት ቢኖር ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚወደውን ይረሳል። ኬርቴስ አልረሳም። በትርፍ ሰዓቱ ለራሱ ማንሣቱን ቀጠለ። በ1952 ከዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ በሚገኝ ሕንጻ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመረ። ከመስኮቱ ቆሞ ቁልቁል ይመለከት ነበር። በ1954 ክረምት አደባባዩ በረዶ ለብሶ ሳለ አነሣው፤ የዛፎቹ ቅርንጫፎችና የአጥሩ መሥመር በነጩ ላይ በቀለም እንደተጻፉ ጎልተው ይታያሉ። አገሩን ላጣ ሰው ያ መስኮት አገር ሆነው።

በመጨረሻ ከመጽሔቱ ሥራ ወጣ። በ1963 በቬኒስ የፎቶግራፍ ትርኢት የወርቅ ሜዳይ አገኘ፤ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ሥራው ታየ። በ1964 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለብቻው ትርኢት አዘጋጀለት። ዕድሜው ያኔ ሰባ ነበር። በዚሁ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በፈረንሳይ ትቷቸው የነበሩትን ኔጋቲቮች አገኘ። ከመስተዋቶቹ ብዙዎቹ ተሰባብረው ነበር። ከነዚያ መካከል በ1929 የፓሪስን ሠፈር ያነሣበት አንዱ መስተዋት መካከሉ ተበስቶና ዙሪያው ተሰነጣጥቆ ነበር። ኬርቴስ አልጣለውም። ከነስብራቱ በወረቀት ላይ አተመው። ዛሬ ያንን ምስል የሚያይ ሰው የፓሪስን ጣሪያዎች ያያል፤ ስንጥቁንም ያያል፤ በመካከሉ ያለፈውንም ዘመን ያያል።

በ1971 ስለ ማንበብ የሚናገር የፎቶግራፍ መጽሐፍ አወጣ። በውስጡ ያሉት ሰዎች በሰገነት ላይ፣ በመናፈሻ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ያነብባሉ። ከነሱ መካከል በ1915 በሃንጋሪ ያነሣቸው ሦስት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰዋል። መጽሐፍ አንሷችሁ በአንድ ወንበር ላይ ተጨናንቃችሁ ያነበባችሁ ሁሉ እነዚያን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ።

በ1977 ኤልሳቤት ሞተች። ኬርቴስ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ልጅም አልነበረውም። በአንድ ሱቅ መስኮት የመስተዋት ሐውልት አየ፤ ራስና ትከሻ ብቻ ያለው ትንሽ ሐውልት ነው። የአንገቱና የትከሻው አጣጣል ኤልሳቤትን አስታወሰው። ገዝቶ ወስዶ በመስኮቱ ላይ አኖረው። ከዚያም ወዲያው ምስል የምታወጣ ፖላሮይድ የምትባል ካሜራ ይዞ፣ ጧትና ማታ ብርሃን በመስተዋቱ ውስጥ ሲያልፍ ያነሣው ጀመር። ሰማዩ በውስጡ ይሰማያዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀላል፤ ሲመሽም ይጨልማል። እነዚህ ትንንሽ ምስሎች በ1981 በመጽሐፍ ታትመው ወጡ፤ መጽሐፉም ለኤልሳቤት መታሰቢያ ሆነ። በ1984 ወደ 100,000 የሚጠጉ ኔጋቲቮቹን ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1985 መስከረም ወር በኒው ዮርክ ሞተ። ዕድሜው ዘጠና አንድ ነበር።

ስለ መስተዋቱ ሐውልት ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። አንድ ሽማግሌ የሞተችበትን ሚስቱን በመስተዋት ውስጥ፣ በብርሃን መምጣትና መሄድ ውስጥ ፈለጋት። አንድ የገጠር ልጅም የሞቱበትን አያቱን በጣሳ ውስጥ፣ በኩራዝ መብራትና መጥፋት ውስጥ ፈለጋቸው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ያደረጉት ግን አንድ ነገር ነው። ለአንደኛው ዓለም ዘግይቶም ቢሆን ወርቅ ሰጠው። ለሁለተኛው እኔ አራት ሰጠሁት።

«በሕይወቴ ያየሁት ታላቅ ነገር» ብዬ ስጠይቅ ታላቅነትን በቁመት ለክቼው ነበር። ልጁ ግን ጥያቄዬን ከእኔ የበለጠ ተረድቶት ነበር። ከርእስ የወጣሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ለማግኘት ሞከርሁ። ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አንድ ጊዜም በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ አልሁ። የውጤቱ መዝገብ ተገኘ። የአማርኛ ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ሰባትና ስምንት ነው። ከትምህርት ቤቱ ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም። ደብተሩማ ከየት ይገኛል? በዚያ ዘመን ያለቀ ደብተር ወደ ሱቅ ይሄድ ነበር፤ ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል። የጣሳዋም ድርሰት እንዲያ ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። የኬርቴስ የተሰበረ መስተዋት ተገኝቶ ታትሟል፤ የዚያ ልጅ ገጽ ግን የለም። ያለው በእኔ ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያንንም በራሴ ቃል እንጂ በሱ ቃል ልነግራችሁ አልቻልሁም።

እንግዲህ ድርሰት ለመጻፍ ስትቀመጡ «የምጽፈው ነገር የለኝም» አትበሉ። አበው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ። ከልብ ላየ ሰውም የሚጽፈው አይገድመውም። ነገር ግን ትንሽ ነገር መምረጥ ብቻውን ድርሰት እንደማያደርግ ዕወቁ። ኬርቴስ ሹካውን ያነሣው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቶ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ አስተውሎ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ አስወግዶ ነው። ተማሪዬም ምስማሩን፣ የበሩን ስንጥቅ፣ የነበልባሉን መወዛወዝ በየቦታቸው አኖራቸው፤ የማያስፈልገውን ምክር አልጨመረም። ፍቅር ዕቃውን ያስመርጣል፤ ትዕግሥት ያስተውላል፤ ዕውቀት ደግሞ ያልፋይዳውን ያስቀራል። ሦስቱ ካልተባበሩ ጣሳው ጣሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ። የእናታችሁ ሰፌድ፣ የአባታችሁ የዝናብ ካፖርት፣ በር ላይ የቀረ አሮጌ ጫማ ሊሆን ይችላል። በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ከዚያም ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ምክር አትጨምሩበት። መምህራችሁ «ከርእስ ወጥታችኋል» ካሉ ይህን ገጽ በአክብሮት አሳዩአቸው። እሳቸውም እንደኔው ቀይ እስክሪብቶ የያዙ ሰው ናቸውና ይገባቸዋል።